ስሜን ደብቀው መልኬን ለለጠፉት ኃላፊ

የለም፣ አልተቀየምኩም። ማን ነው ተቀይማለች ያለው? ለመቀየምም እኮ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሰው አልቆብኛል።

ለማንኛውም ሰላምታ ይቅደም። ክቡር የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚሽከረከር ወንበርዎ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ቢሆንም ወንበር ያስከብራልና «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከእርስዎ ሌላ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ጽዳት ነኝ፤ ማለቴ፣ ነበርኩ። ሳሙናና መወልወያ የሚሰጠን የንብረት ክፍሉ አለቃ ነው። ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ስለሚያንቃጭል ቃጭል እንለዋለን። ቃጭል ወጣት ሴት ሳሙና ልትቀበል ስትገባ በሩን ከኋላዋ የመዝጋት አመል አለው። ትንሿ የምንላት ልጅ አንድ ቀን ከዚያ ክፍል ስትወጣ ሳሙናም አልያዘች፣ የጋዋኗ አዝራር ተበጥሷል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለፈችኝ። ከዚያ ወዲያ ጥንድ ጥንድ ሆነን መሄድ ጀመርን። የማንኛዋም ሳሙና ሲያልቅ የእኔም አብሮ ያልቃል። ሳሙና የምበላ እስኪመስል ድረስ ተመላለስኩ።

እናንተ ደግሞ አዳራሽ ሰብስባችሁ ያያችሁትን በሚስጥር ንገሩን፣ ማንነታችሁን ወፍ አያውቀውም አላችሁን። መጣሁ፣ ነገርኩ። እውነት ነው፣ ወፍ አላወቀም። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስሜን ስላልጠራችሁ አመሰግናለሁ። በሠራተኛ መግቢያው ሰሌዳ ላይ፣ በማህተም አድምቃችሁ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ስም የሚባል የለበትም። ያለበት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ በጽዳት የሚያገለግሉ አንዲት አረጋዊት እናት የንብረት ክፍሉን አለቃ በተመለከተ በሚስጥር ላቀረቡት ጥቆማ ምስጋናችን የላቀ ነው፣ ሌሎችም አርአያነታቸውን ይከተሉ የሚል ብቻ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረጋዊ ቢፈለግ እኔና የግድግዳው ሰዓት ነን። ሰዓቱ ደግሞ ከቆመ ቆይቷል፣ ቢሯችሁ ድረስ አይሄድም።

ሁለተኛ፣ ምሳዬን በጸጥታ እንድበላ ስላደረጋችሁኝ። ድሮ ደረጃው ሥር ተጠጋግተን፣ አንዷ ከሌላዋ ምሳ ዕቃ እየቀመሰች፣ እየተሳሳቅን ነበር የምንበላው። ማስታወቂያው የወጣ ቀን እኔ ስደርስ አንዷ ቧንቧ ሳልዘጋ መጥቻለሁ ብላ ተነሳች፤ ሌላዋ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ሄደች፣ ስልኳ ግን እዚያው ምሳ ዕቃዋ አጠገብ ቀርቷል። አፏ የማያርፈው፣ ሬዲዮ የምንላት እንኳ ዝም አለች። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራቸው ቃጭል እጅ ላይ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እኔ የሚወራውን ከእኔ በቀር ግቢው ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ይቆየኝ፣ አልመጣ አለኝ።

አራተኛ፣ ለደህንነትዎ ሲባል ብላችሁ ወደ መዛግብት ቤቱ ምድር ቤት ስላዛወራችሁኝ። እውነትም ደህና ነኝ፤ የሚነካኝም የሚያናግረኝም የለም። ጠዋት እገባና ደህና አደራችሁ እላለሁ፤ መደርደሪያ እግዜር ይመስገን አይልም። በቀደም አንድ መንገድ የጠፋው ሰው ወርዶ መውጫው በየት ነው ሲለኝ፣ ወንበር ስቤ ትንሽ አረፍ በል አልኩት። ቸኩሎ ነበር።

ሦስተኛውን ልንገርዎ። ረስቼው አይደለም፣ ለመጻፍ ከብዶኝ ነው። ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ቃጭል ሁላችንንም አሰለፈና እንዲህ አለ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሳሙና የሚሰጠው ለየብቻ ነው። አጃቢ የሚያስፈልጋት ካለች እጇን ታውጣ።»

ትንሿ ጫማዋን ታያለች። ሬዲዮ ኮርኒሱን ታያለች። እጅ ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የዝውውር ወረቀቴ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ቃጭል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እሱን የሚያሰጋው ነገር የለማ። ቢሯችሁ ብመላለስ፣ ተበዳይዋ ራሷ ቀርባ ካልተናገረች ጉዳዩ ይዘጋል ተባልኩ። በምን አንጀቷ ትቅረብ? የቀረበ ሰው ምን እንደሚሆን ሰሌዳው ላይ አንብባለች። የቆጡን አወርድ ብዬ ብንጠራራ የብብቴን አስጣላችሁኝ፣ ክቡርነትዎ። አሁን ሳሙና ሲያልቅባት አብሯት የሚሄድ ማን ነው? ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን አንዱን ይመልሱልኝ። ቃጭልን ከዚያ በር አንሱት፤ እሱ ከከበዳችሁ እኔን ወደ ሁለተኛ ፎቅ መልሱኝ። እኔ ቀላል ነኝ፣ አንዴ አንስታችሁኛል።

ለሰጣችሁኝ ሰላም፣ ለዘረጋችሁልኝ ጸጥታ፣ ላበዛችሁልኝ መደርደሪያ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ማለቱ ቢያስቸግረኝም፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቃል የተገባላቸው፣ ዘበኛው ሳይቀር የሚያውቃቸው አረጋዊት እናት፣ ከምድር ቤት።

ሳልረሳው፦ ለምን በአደባባይ ጻፍሽ ይሉኝ ይሆናል። በሚስጥር ብነግራችሁ አገር ሰማው፤ ለአገር ብነግረው ምናልባት እናንተ ትሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው። ደግሞ ሌላ ምስጋና ለመለጠፍ ካሰባችሁ፣ በግራ እግሬ አነክሳለሁ፣ ነጠላ ጫማዬ ሰማያዊ ነው፣ እሱንም ጨምሩበት፤ ምናልባት ያላወቀኝ አንድ ሰው ቀርቶ...

ይቅርታ፣ ይህን የምጽፈው ቤቴ ሆኜ ነው፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከውጭ እየጠራችኝ ነው። «እማማ፣ ትንሿ ነኝ የምትል ልጅ በር ላይ ቆማለች። ግቢ ብላት እምቢ አለች። ነገ ቢሮው ልሄድ ነው፣ አብረውኝ ይሄዳሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ትላለች።»

ክቡርነትዎ፣ ነገ ሁለት ወንበር ያዘጋጁ። አሁን ልነሳ፣ ሰው መጥቶልኛል።