ሦስት ነጥብ ከኮርቻው ሥር

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣ ከወስፌያቸውና ከጅማታቸው ጋር ከደጃችን ጥላ ሥር ለሚገኙት፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ሲነሡ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተሻለው? ዐይንዎስ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ያሾልካል ወይስ እትዬን ይጠራሉ? እማማ እንዴት ናት፣ ወገቧስ? በቅሎዋስ እንዴት ናት? ያኔም ከሁላችን የምትኮራው እሷ ነበረች። እኔን ከጠየቁኝ፣ አምና ከተነቀለች አንዲት መንጋጋዬና ከናፍቆታችሁ በቀር ሁሉ ነገሬ በቦታው ነው።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና መጀመሪያ ጉሮሮሽን ጥረጊ። አንዲት መስመር እንዳትዘልዪ። በተለይ እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ አዝነሽልኝ እንዳታልፊው። አባባን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለኝ፤ ከመጠየቄ በፊት ደግሞ የምናዘዘው አለ። ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ድረስ ትንሽ ልፎክር።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ከዚህ በፊት የደረሷችሁን ሦስት ደብዳቤዎች የጻፈልኝ የሕንፃችን ዘበኛ ነበር። እኔ ‘ደህና ነኝ በላቸው’ ስለው እሱ ‘እንባዬ እንደ ጅረት እየፈሰሰ’ ብሎ ይጽፋል። ‘ምነው?’ ስለው ‘ያላለቀሰ ደብዳቤ ማን ያነበዋል?’ አለኝ። አሁን ግን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። ከልብስ ሰፊው ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ ከሥራ ስንወጣ እየሄድን ስምንት ወር ተማርን። አሥራ አራት ነበርን፤ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የፈተናው ዕለት ዝናብ ጥሎ አምስት ሰው ብቻ መምጣቱ የእኔ ጥፋት አይደለም። አስተማሪያችን ‘ፊደልህ እንደ ጎማ ክብ ነው፣ እንደ ላላ ጎማም ከመስመር ይወጣል’ ብላኛለች። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት ያንቺን ደብዳቤዎች ነው፣ እትዬ። ከትራሴ ሥር አውጥቼ አንድ ባንድ አየኋቸው። የሦስቱም መጨረሻ ‘አባባም ሰላም ብለውሃል’ ይላል። በሦስቱም ከፊርማሽ በታች፣ በጠባብ ቦታ፣ በሌላ ቀለም የተጨመረ ነው። ዘበኛው ሲያነብልኝ ስለ ቀለሙ አልነገረኝም ነበር። እህቴ፣ ደግነትሽን አልረሳውም፤ ግን ያ ሰላምታ ያንቺ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ገብቶኛል። አባባ፣ አልቀየምዎትም። ከቤት ስወጣ ደፉ ላይ ቆሜ ‘እኔ እንደ እርስዎ ቆዳ ቆዳ እየሸተትኩ አላረጅም’ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ቀና እንኳ አላሉም፤ ክሩን ስበው አጠበቁት። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ‘የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም’ የሚሉትም እርስዎ ነበሩ።

አሁን ይሳቁብኝ። ዛሬ የምሸተው ቆዳ ቆዳ ነው።

የምሠራበት ቤት አሮጌ ብስክሌት ከየሥርቻው ፈልጎ ነፍስ የሚዘራበት ቤት ነው። ሦስት ነን። ባለቤቱን ባለመነጽሩ እንለዋለን፤ አንዱን መነጽር ዐይኑ ላይ፣ አንዱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሦስተኛውን ሲፈልግ ይውላል። ሁለተኛው የተጣመመ የጎማ ቸርኬ የሚያቃናው፣ ቀጥ አርጌ የምንለው ነው፤ ከምላሱ በቀር የማያቃናው ነገር የለም። ኮርቻው ደግሞ የእኔ ነው። አዎ አባባ፣ ብስክሌትም ኮርቻ አለው፤ የድሮዎቹ የቆዳ ናቸው። እንደ በቅሎ ኮርቻ እንጨት ላይ የተለበጠ አይደለም። ከፊትና ከኋላ ባለ ብረት መካከል እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ በመዳብ ምስማር የተመታ አንድ ወፍራም ቆዳ ነው። ከሥሩ ባዶ ነው። ይህችን ‘ከሥሩ ባዶ ነው’ የምትለዋን ይያዙልኝ፤ ጉዴ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን የሚያሳፍረው ቦታ ደረሰ፣ እትዬ፣ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ። ሥራ ስገባ ባለመነጽሩ ‘አባትህ ምንድን ነው የሚሠሩት?’ ሲለኝ ‘ዳኛ ናቸው’ አልኩት። ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲያ ስሜ የዳኛው ልጅ ሆኖ ቀረ። ሻይ የማፍላት ተራው የማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ እንኳ ‘የዳኛው ልጅ ይፍረድ’ ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈረድኩ፤ ሁልጊዜም ቀጥ አርጌ ላይ።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት አሮጊት የከዘራቸው ጫፍ ጎማ አልቆባቸው መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ ነው ወደዚህ ዓለም የገባው፤ ባለመነጽሩም አንዱ ነው። ጎማውን ስቀይርላቸው ዐይናቸው ከተሰቀሉት ብስክሌቶች ላይ አልነሣ አለ። ‘እናቴ፣ እርስዎ ቤት አንድ ብስክሌት ተደብቋል’ አልኳቸው። ‘ማን ነገረህ?’ አሉኝ። ‘አሮጌ ብስክሌት ከሩቅ ይሸተኛል’ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አብሬያቸው ሄድኩ። ከጓሮ ባለች የዕቃ ቤት፣ ከተሰበረ አልጋና ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባ፣ መሪው ላይ ሽንኩርት ተንጠልጥሎበት ቆሟል። ካቴናው ዝጓል፣ ጎማው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ኮርቻውን በክርኔ ስጠርገው ግን ቆዳው ቢሰነጣጠቅም ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ቅርጽ እንዳለ ነበር።

አዋላጇ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ መሄዳቸው ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሰፈሩን በብስክሌታቸው አንድ ጊዜ ዞረው መሰናበት ፈለጉ። ‘ብስክሌቱ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ወገቤ ግን ከዚህ ሌላ ኮርቻ አይቀበልም፣ ሞክሬዋለሁ’ አሉ። ወደ ባለመነጽሩ ዞረውም ‘አንተን ለማዋለድ የደረስኩት በዚህ ላይ ሮጬ ነው፤ ትንሽ ብዘገይ እምብርትህ እንዲህ ባላማረ’ አሉት። እኔ ሳልጠየቅ ‘በሳምንት ውስጥ እንደ አዲስ አደርግልዎታለሁ’ አልኩ። ባለመነጽሩ በግንባሩ መነጽር አየኝ።

በማግሥቱ እሱ ሌላ ብስክሌት ፍለጋ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮርቻ የማወዛው እሱ እያየኝ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ነበር። ቆዳን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም ብዬ ዘይቱን አሞቅሁና እርስዎ ለበቅሎ ጠፍር እንደሚያደርጉት ከላይም ከታችም አጠጣሁት። ‘ቆዳ ጥሙን አይናገርም፣ አጠጣው’ ይሉ አልነበር? ጠጣ፤ ጨመርኩለት፤ ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በነጋታው ስመጣ ያ የተወጠረ ከበሮ እንደ ባዶ ስልቻ ሰምጧል። የበቅሎው ቆዳ ሲለሰልስ ከሥሩ የሚደግፈው እንጨት አለው፤ ይህ የሚደግፈው አየር ነው። ቀጥ አርጌ ጎንበስ ብሎ አየና ‘ይሄ ኮርቻ ነው ወይስ የሾርባ ሳህን?’ አለ። ባለመነጽሩ ሁለቱንም መነጽር አወለቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ‘አዲስ ቆዳ እንመታበታለን። ለሴትዮዋ የምትነግራቸው ግን አንተ ነህ’ ብቻ አለኝ።

ልነግራቸው ወጥቼ ከበራቸው ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው ያ የዘይት ማሰሮ ትዝ ያለኝ። ልጅ ሆኜ ስዘል የነጋዴው ኮርቻ ላይ የደፋሁት። ያን ቀን እርስዎ አልመቱኝም። እማማን ፉርሽካ ጠይቀው፣ በምጣድ አሙቀው፣ ኮርቻውን ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ፉርሽካው ዘይቱን መጥጦ ሲረጥብ እያወጡ በሌላ ይተኩ ነበር። ‘ቆዳ የጠጣውን ይተፋል፣ ካልቸኮልክበት’ አሉኝ። ያን ጊዜ የሰማሁዎት አልመሰለኝም ነበር፤ ጆሮዬ ግን ለካ አስቀምጦት ኖሯል።

ከዳቦ ቤቱ ፉርሽካ አመጣሁ። ቀጥ አርጌ ‘ዶሮ ልታረባ ነው?’ አለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ባለመነጽሩ እጁን ጆንያው ውስጥ አግብቶ ቆዳውን ዳሰሰና ‘ማን አስተማረህ?’ አለ። ‘አባቴ’ አልኩ። ቀጥ አርጌ ቸርኬውን አቆመና ‘ዳኛው? ፉርሽካ ላይ ነው እንዴ የሚፈርዱት?’ አለ። መሳቅ እችል ነበር፤ አብሬ ስቄ ባልፈው ማንም አያውቅም። እጄ ውስጥ ያለው ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ‘ዳኛ አይደሉም፤ ዋሽቻችሁ ነው። ኮርቻ ሰሪ ናቸው። በእኛ አካባቢ የሚሄድ በቅሎ ሁሉ በእሳቸው ስፌት ነው የሚሄደው’ አልኩ። ባለመነጽሩ ‘እንዲህ ያለ አባት እያለህ ነው ሦስት ዓመት የሻይ ክስ ያስፈረድንህ?’ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀጥ አርጌ ግን ዝም አላለም፤ ‘እኔ ላይ የፈረድከው ሁሉ ተሽሯል፣ ሻይ አፍላ’ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፈላው እኔ ነኝ።

ፉርሽካውን አሥራ ሦስት ቀን ቀያየርኩት። ከዚያ ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አርሼ፣ በጨርቅ ጠፍሬ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ከኮርቻው የፊት ጫፍ ሥር ያለችውን መወጠሪያ ቡሎን በቀን ግማሽ ዙር ብቻ አዞርኳት። አሁንም ጎኖቹ ወደ ውጭ ሲንጋደዱ ጊዜ ጠርዙን በስቼ፣ እንደ በቅሎ መቀነት ከሆዱ ሥር በጠፍር አሰርኩት። ሲያልቅ እጄ ሳያማክረኝ አንድ ነገር ሠራ። ከሥር፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ የእርስዎን ሦስት ነጥብ በወስፌ መታሁ። ልጅ ሆኜ ‘ማንም የማያየው ቦታ ላይ ለምን ይመታሉ?’ ስልዎት ‘የሚያይ አይጠፋም’ ብለውኝ ነበር።

ጥፋቴን ነግሬ ቀን ያስጨመርኳቸው አዋላጅ መጡ። ኮርቻውን በዐይናቸው አላዩትም፤ እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱ። ‘ማዋለድ ማለት በእጅ ማየት ነው’ አሉ። ጠፍሩን ዳሰሱ፣ አለፉ፣ ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

‘ይሄ በፊት አልነበረም። የማን ምልክት ነው?’

‘የአባቴ ነው።’

‘ያውቃሉ?’

‘አያውቁም።’

‘እንግዲያ ንገራቸው’ አሉኝና ኮርቻው ላይ ወጥተው ደግፉኝ አሉ። ግራና ቀኝ ይዘን ጥቂት እንደሄድን ‘ልቀቁኝ፤ እኔም ስንቱን ለቅቄያለሁ’ አሉ። ለቀቅን። ሰው ከየበሩ ወጣ። ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት እጁ ቆመው አዩዋቸው። ዞረው ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል። ‘በግራ በኩል ትንሽ ተለውጧል’ አሉ። ወስፌዬን ልፈልግ ዞርኩ። ‘እኔም በግራ በኩል ትንሽ ተለውጫለሁ፤ ተስማምተናል’ አሉና ብስክሌቱን እየገፉ ሄዱ።

በሉ እንግዲህ፣ እማማን ጉልበቷን ስሙልኝ፤ አምስት ኪሎ ፉርሽካ የፈጀሁት የእሷ ልጅ ስለሆንኩ ነው በሏት። አማቼ አናጢው ደህና ይሁን፤ ዕዳ ሆኖበት የቀረውን የበሩን ማጠፊያ ይሥራው፣ እዚህ ድረስ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማኛል። አክስቴን፣ ማንኮራፋቷን ሳይቀር፣ ናፍቄያታለሁ። ባለ ወፍጮው ጎረቤታችንን ‘ያ ሰነፍ አንደኛ ወጣ’ በሉልኝ፤ ስለ ዝናቡ አትንገሩት። በቅሎዋን አንገቷን እሹልኝ። እትዬ፣ አንቺን በሁለት እጄ።

ሰላምታው አለቀ፣ መሸሸጊያም አጣሁ። አባባ፣ ምልክትዎን ያለ ፈቃድዎ ወስጃለሁ። አንዴ የተበሳ ቆዳ አይደፈንምና ያንን አልመልሰውም። የምጠይቅዎ ለቀሪው ነው፤ ከእንግዲህ በምሠራቸው ኮርቻዎች ሥር ልምታው? ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ባዶ ወረቀት አለ። ከፈቀዱልኝ በወስፌዎ ሦስት ጊዜ ይውጉትና ይላኩልኝ። እትዬ፣ አደራ አንቺ እንዳትወጊው። የእሳቸውን እጅ አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛዋ ነጥብ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ካልፈቀዱም ወረቀቱን እንዳለ መልሺልኝ። ባዶውንም ማንበብ ተምሬያለሁ።

የኮርቻ ሰሪው ልጅ

ከብስክሌት መጠገኛው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው የሥራ ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን