በፋይልሽ ላይ ያለው አውራ ጣት

መርካቶ ሰባተኛ፣ ጥቅምት 11

ውድ ማሂራ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሀምዲያ ናት። ስልክሽን ከቀየርሽ ወዲህ ከመርካቶ ወደ አንቺ የቀረን ፖስታ ቤት እሷ ብቻ ናት፤ ለማረቆ በርበሬ ወደ ቡታጅራ ስትወርድ ትሰጥሻለች። መንገድ ላይ እንዳትከፍተው ስለምናት፣ «ጋሼ ኪዳነ፣ እኔ ወረቀት የማውቀው ቅመም ስጠቀልልበት ነው» አለችኝ። ይህን ንግግሯን እንደ ቀልድ አትውሰጂው። ኋላ እንፈልገዋለን።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ስለ ጤናሽና ስለ ቡታጅራ አየር ገጽ ተኩል ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው ስለ ኑሮ ውድነት ነበር፤ ለማንም ሊላክ የሚችል ደብዳቤ። ሦስተኛው ላይ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ይገኛል፤ ጥፋቱ ግን አንድ ጊዜም አልተጻፈም። ስለዚህ አሁን ዋናውን አስቀድማለሁ። በስምሽ የተወሰደውን ብድር ወንድምሽ ፉርቃን አልወሰደውም። የመታወቂያሽ ኮፒ የወጣው ከኔ ሱቅ ነው። ይህንንም ብድሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። የቀረው ረዘም ይላል።

አምና መስከረም ውስጥ ፉርቃን የካልሲ ሱቁን ሲከራይ ዋስ ልትሆኚው መታወቂያሽን ልታስኮፒ መጣሽ። ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማስታወስ ሆኗል። ካርዱ መስታወቱ ላይ አልቀመጥ እያለ ስለተንሸራተተ ክዳኑን ከፍቼ ጫፉን በአውራ ጣቴ ያዝኩት። አንቺ ደግሞ ፎቶሽን አጎንብሰሽ እያየሽ፣ «ይቺን ሴትዮ መንገድ ላይ ባገኛት ሰላም አልላትም። ምን አድርጌያት ነው እንዲህ አፍጥጣ የምታየኝ?» አልሽ። ሳቅኩ። ሳቁ እጄ ድረስ ወረደ። ኮፒው ተንጋዶ ወጣ፤ አንደኛው ጥግ ላይ አንቺ አፍጥጠሻል፣ ሌላኛው ጥግ ላይ አውራ ጣቴ ከነስንጥቅ ጥፍሩ ቁጭ ብሏል። ጥፍሬን የሱቄ መዝጊያ የሰነጠቀው ዕለት ሐኪም ቤት የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛውን አስተካክዬ አነሳሁ። እሱን ፉርቃን ወሰደ። የተበላሸውን ካርቶኑ ውስጥ ወረወርኩት።

ስለ ካርቶኑ መናገር አለብኝ። እኛ ሰፈር የሚጣል ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ቆሻሻ የምንለው ገዥው ገና ያልደረሰለትን ዕቃ ነው። ሀምዲያ ዓርብ ዓርብ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ መንገዱ በሰጋጅ ሳይሞላ፣ የሳምንቱን የተበላሸ ወረቀት ከኔ ትወስድና ቅመም ትጠቀልልበታለች። እኔ ደግሞ በልዋጩ አንድ ጭብጥ ሄልና ቅርንፉድ እቀበላለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰው ጥሩውን ኮፒ ይዞ ይሄዳል፣ የተበላሸውን ይተወዋል፤ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የፍቺ ውሳኔ ከነማኅተሙ። እኔ ሁሉንም አንብቤ ነው የምጥለው። ሰው «ጋሼ ኪዳነ የተማረ ሰው ነው» የሚለኝ በሰው ወረቀት ነው። ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም፤ የመርካቶ ብቸኛው አንባቢ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ የሻዬን ቅመም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው መታወቂያ ስገዛ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ጥሩ ሻይ ነበር፤ አልክድም።

ፊትሽ ባለበት ወረቀት የተጠቀለለውን ቅርንፉድ ማን እንደገዛው ሀምዲያ አታውቅም። በቀን ስንቱን ትሸኛለች።

የካቲት ላይ ለሻርፕ ንግድሽ የጥጉን ሱቅ ልትይዢ ባንክ ሄደሽ ብድር ጠየቅሽ። ከሌላ አበዳሪ ተቋም ወስደሽ ያልመለስሽው ብድር እንዳለ፣ ይህም ባንኮች ሁሉ በሚያዩት የብድር መረጃ ላይ እንደተመዘገበ ነገሩሽ። አንቺ የዚያን ተቋም ደጃፍ ረግጠሽ አታውቂም። ሄደሽ ስትጮኺባቸው ከፋይሉ አንድ ገጽ አንስተው ሰጡሽ። ያንን ይዘሽ በቀጥታ የመጣሽው እኔ ጋ ነው፤ ፉርቃንም አንድ እቅፍ ካልሲ ይዞ ከኋላሽ ይሮጥ ነበር።

«ጋሼ ኪዳነ፣ እስቲ ይዩልኝ! ይህ እርስዎ ያነሱት አይደለም?»

አየሁት።

«ኮፒዬ ያለው አንድ ሰው እጅ ነው» አልሽ ወደ ፉርቃን ዞረሽ።

«ማሂራ፣ ወላሂ አልወሰድኩም!»

«ወላሂህን ለራስህ ያዝ።»

«በእናታችን!»

«እናታችንን አትጥራ። እሷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ እኔን ጥራ።»

«እሺ፣ ባንቺ! ባንቺ ይሁንብኝ አልነካሁም!»

«በኔ ስም ከእንግዲህ ምንም ነገር አታደርግም። መማልም ቢሆን።»

ካልሲዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሊያስኮፒ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንድ እግር ካልሲ ሳያነሳ ቆሞ ያያል። አንቺ ወረቀቱ ላይ ያየሽው ፊትሽን ነው፤ ፉርቃንም ያየው ያንቺን ፊት ነው። ጥጉ ላይ ያለውን ጣት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ያን ጊዜ መናገር የነበረብኝ አራት ቃል ነበር፤ «ይህ የኔ ጣት ነው»። እኔ ግን ምን አልኩ? «ተረጋጉ፣ ሻይ ላፍላላችሁ።» ከዚያው ከሄሉ።

ለምን ዝም እንዳልኩ አስቤበታለሁ፤ ጥልቅ ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። የለም። ኪዳነ ማርያም የሰውን መታወቂያ ለቅመም መጠቅለያ ይሰጣል ከተባለ ሰባተኛ ላይ ማን ደጄን ይረግጣል ብዬ ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። የጥጉን ሱቅ ሌላ ሰው ያዘው። አንቺ ሻርፖችሽን በማዳበሪያ ከረጢት ጭነሽ ቡታጅራ፣ አክስትሽ ዘንድ ገባሽ። «ነገ» ያልኩት ስምንት ወር ሆነው።

በዚህ መሃል ያደረግኩት ነገር ቢኖር ከፉርቃን የኮፒ ሂሳብ አለመቀበል ነው። ይህንን ለራሴ እንደ ንስሐ ቆጠርኩት። በጣም ርካሽ ንስሐ ነው፤ ልጁ በሳምንት ሁለት ገጽ ቢያስኮፒ ነው።

ባለፈው ወር ሱሀይር የምትባል የሕግ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስኮፒ አመጣች። እንደ ልማዴ እያነበብኩ አነሳ ነበር። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስደርስ ማሽኑን አቆምኩት። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ሰው የብድር መረጃውን ራሱ ሊያሳግድ እንደሚችል በሕግ ተደንግጓል ይላል። ያለ ክፍያ። ካሳገደው በኋላ በስሙ አዲስ ብድር ሊሰጥ የተነሳ አበዳሪ መረጃውን ማየት አይችልም፤ ካላየ ደግሞ ብድሩን አይሰጥም። ሌባው የሰውየውን መታወቂያ፣ የልደት ቀኑን፣ የእናቱን ስም ሳይቀር ይዞ ቢመጣ ከተዘጋ በር ጋር ይጋጫል። ባለቤቱ ራሱ መበደር ሲያምረው ያስከፍተዋል፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» አለች ተማሪዋ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኳት።

ገጽ አርባ አንድን ለራሴ አንድ ኮፒ አስቀረሁ፣ አስፈቅጄ። በሃያ ሁለት ዓመት የኮፒ ሥራ ሳስፈቅድ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እዚያ አገር ሰው ስሙን እንደ ሱቅ ከርችሞ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። እኔ ደግሞ ያንቺን ስም በአንድ ጭብጥ ቅርንፉድ ለወጥኩት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እኔን የመሰለ ሰው ሳይገጥማቸው አልቀረም።

በማግስቱ ፉርቃን ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ካልሲ በደርዘን በደርዘን እያሰረ ነበር። እስክጨርስ እጁ አላረፈም፤ ስጨርስ ያሰረውን ሁሉ መልሶ ፈታው።

«ለዚህ ነው ሰባት ወር ሙሉ ሂሳብ አልቀበልህም ሲሉኝ የከረሙት?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ የሚያምኑኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ 'የእህቱን ስም የበላ' ሲለኝ፣ ጋሼ ኪዳነ ብቻ ያምኑኛል እያልኩ እጽናና ነበር።»

«አምንህ ነበር።»

«እሱማ! ከርስዎ በላይ ማን ሊያምነኝ ይችላል!»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ማሂራ። ከዚያ ሱቁን ዘጋና፣ «ይነሱ፣ እንሂድ» አለኝ።

አበዳሪው ተቋም አብረን ሄድን። የብድር ክፍሉ ኃላፊ አሸብር የሚባል፣ ለመሳቅ ፈቃድ የሚጠብቅ የሚመስል ሰው ነው። ፋይልሽን አስወጣሁትና አውራ ጣቴን ከኮፒው ጎን ዘርግቼ አስቀመጥኩለት።

«ይህ ጣት የኔ ነው።»

አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ጣቴን ሲያይ ቆየ። «ጋሼ፣ ጣትዎን ከደብዳቤ ጋር አያይዤ ለበላይ አካል መላክ አልችልም።»

«ኮፒ አንሳዋ።»

አነሳው። ማሽናቸው ከኔ ይሻላል፤ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቃሌን በሦስት ገጽ ጽፌ ፈረምኩ። ፉርቃን የወሰደው ኮፒ ቀጥ ያለ፣ ጣት የሌለበት መሆኑንም የኪራይ ውሉን አምጥቶ አሳየ። ብድሩን ያስተናገደው ሠራተኛ ዋናውን መታወቂያ ሳይጠይቅ በተንጋደደ ኮፒ እንዳሳለፈው አሸብር ራሱ አመነ፤ ሠራተኛው ከለቀቀ ቆይቷል። ብድሩን የወሰደችው ሴት ማን እንደሆነች ግን ዛሬም አይታወቅም። መዝገብሽ እንዲነሳ አንቺ በአካል ቀርበሽ ፊርማሽ ከፋይሉ ፊርማ ጋር መመሳከር አለበት።

ከዚያ ገጽ አርባ አንድን ሰጠሁት።

«ይህ የኛ አገር ሕግ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ። ኮፒ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «ባንኮች ሁሉ የሚያዩትን መዝገብ እኔ ላሳግድ አልችልም» አለ። «እሷ በጽሑፍ ካመለከተች ግን፣ 'ራሷ ዋናውን ይዛ ካልቀረበች አይስተናገድ' የሚል ማስታወሻ እኛ ዘንድ ባለው ፋይሏ ላይ አስገባለሁ። የሚሠራው በኛ ቤት ብቻ ነው።»

ከስንቱ በር አንዱን ብቻ መዝጋት እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ማመልከቻውን ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ አልነካሁትም።

ሀምዲያንም ነግሬያታለሁ። «እኔስ ማንበብ አልችልም፤ እርስዎ ግን እያነበቡ ለምን ሰጡኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን በአሮጌ ጋዜጣ ትጠቀልላለች። እኔ የተበላሸውን ወረቀት ማታ ማታ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት በእጄ ብጥስጥስ አደርገዋለሁ። ብጥስጣሹን ብርጭቆ ነጋዴዎች ለማሸጊያ ወሰዱት። ሰፈሩን ታውቂው የለ?

አሁን ይህን ደብዳቤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ያስጻፈኝን ልንገርሽ። ፉርቃን ሀስናን ሊያገባ ነው። አንቺ ካልመጣሽ ብሎ ኒካሁን ሁለት ጊዜ አራዝሞታል። የሀስና አባት፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከተራዘመ ልጄን ለሌላ እድራለሁ» ብለዋል፤ ደግሞም የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። ቀኑ ከኅዳር መግቢያ አያልፍም። ባለፈው ሳምንት ፉርቃን የጥሪ ካርዱን ላባዛለት ይዞ መጣ። የእሱ ስም አለ፣ የሀስና ስም አለ፣ ቦታው አለ። ከላይ የጠሪው ስም የሚገባበት መስመር ግን ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ 'እህቱ ማሂራ' ብዬ ልሙላው?» አልኩት። «ካርዱን ስታየው ልቧ ይራራል።»

ካርዱን ከእጄ ወሰደው።

«አይሆንም፣ ጋሼ ኪዳነ» አለኝ። «ያለ ፈቃዷ ስሟን አልጠቀምም።»

ካርዱን ማሽኑ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ከነባዶ መስመሩ። ሰው ሲመጣ እንዳይነካው ክብደት ጭኜበታለሁ።

ሀምዲያ ሐሙስ ትመለሳለች። «ጻፉት» ካልሽ ስምሽን ካርዱ ላይ እጽፈዋለሁ፣ «አትጻፉት» ካልሽም አይጻፍም፤ አንድ ቃል ይበቃናል። የኔን ነገር ከሠርጉ ጋር አታያይዢው። እኔ ይቅርታ የምጠይቅሽ እዚህ ከመጣሽ ሱቄ ውስጥ፣ የሚሰለፈው ሰው እየሰማ ነው። ካልመጣሽም ቡታጅራ ድረስ እመጣለሁ፤ ሀምዲያ ከበርበሬው ላይ ቦታ አላጣልዎትም ብላኛለች።

ኪዳነ ማርያም

ከስሜ ሥር አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ። በዚህ ጊዜ ሆን ብዬ ነው።