ደግ ነሽ ያሉኝ ሰሞን

ጥር 8
ዛሬም ያው። አስራ አንድ ሸሚዝ መለስኩ። ሰፊዎቹ ከኋላዬ «መቀስ መጣች» ይባባላሉ። ይበሉ! ፋብሪካው ተቆጣጣሪ ያደረገኝ ላጨበጭብላቸው ነው እንዴ?
የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለዋ አሮጊት ግን ባሰባት። አንዱ ቁልፍ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል… «እማማ ቁልፍ» እያሉ ያሞላቅቋታል።

ጥር 9
ያበላሸቻቸውን ስድስት ሸሚዞች በፌስታል ይዤ ወጣሁ። እዚያ ካደሩ ይደብቁላታል። ነገ ለኃላፊው አሳይቼ ላስባርራት።
በር ላይ ልብስ ተኳሿ አየችኝ። «የእማማን ቁልፎች ልታስተካክዪላት ነው? አንጀትሽ እንዲህ መሆኑን ማን ያውቃል!» እንባዋ መጣ። ጅል! አላረምኳትም። ለጅል ማስረዳት ይደክመኛል።

ጥር 10
ወሬው ተዳርሷል። ሻይ ስጠጣ ወንበር ለቀቁልኝ። ትናንት ሲያሙኝ የዋሉ አፎች!
አሮጊቷም መጣች። እጄን ያዘች። «ልጄ፣ ዓይኔ ከዳኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እግዜር ይስጥልኝ።»
ኃላፊው ቢሮ ሳልገባ ዋልኩ። ምን ነካኝ?

ጥር 12
እሁድ። ስድስቱንም ፈትቼ እንደገና ተከልኩ። ለእሷ ብዬ አይደለም… ባዶ እጄን ብሄድ ምን ሊሉኝ ነው? እህቴ አየችኝና፣ «ለእናታችን እንኳ አንድ ሹራብ ጠቅመሽላት አታውቂም» አለች።

ጥር 24
የአሮጊቷን ሥራ እያየሁ አላይም። መመለስ አቃተኝ። «ያቺ ደግ» የሚሉኝ ሲያዩኝ…

ጥር 29
ደንበኛ አንድ ካርቶን መለሰ። ኃላፊው ሁላችንን ሰበሰበ። «ይሄን ጉድ የተከለው ማነው?»
ስሟ አፌ ላይ ነበር። ሁሉም ያየኛል። እንዲያ ታይቼ አላውቅም።
«እኔ ነኝ። እማማን ላግዝ ብዬ።»
«ከቁጥጥር ያሳለፈውስ?»
«እሱም እኔ።»
ስንቱን ውሸታም የናቅኩ ሴትዮ!

የካቲት 16
ከቁጥጥር አንስተው ማሽን ላይ አስቀምጠውኛል። አዲሷ ተቆጣጣሪ ሦስት ሸሚዝ መለሰችብኝ። ጠማማ ናቸው፤ እውነቷን ነው።
እማማ ቁልፍ መነጽር አድርገው መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው አፈጠጡብኝ። «ውይ፣ እንዲህ ኮስታራ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።
አልቻልኩም። «እማማ፣ ያን ቀን ሸሚዞቹን የወሰድኩት ላስባርርዎ ነበር።»
ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። «ታዲያ ለምን ተውሽው?»
«ስላመሰገኑኝ።» ሌላ መልስ ብፈልግ አጣሁ።
እሳቸው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ… ያውም ሰው ፊት!