ሟሚ ያልሆነው ክኒን

ለውድ እህቴ ሙኒራ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትሽልኝ? እናታችንስ እንዴት አደረች? ዛሬ ስትነሳ አዞራት ወይስ ተወት አደረጋት? እህል ቀመሰች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እዚህ ጅቡቲ፣ አርሂባም ሙቀቱ ጋብ ብሏል። ልቤ ግን እዚያው ድሬዳዋ ነው።

ትናንት በስልክ፣ “እንዳያንቃት ብዬ ሁለቱንም ክኒን ፈጭቼ በሻይ እበጠብጥላታለሁ፤ ስምንት ቀኗ ነው” ስትይኝ የጮህኩት ደንግጬ ነው። ትንሹን የግፊት ክኒን ሳትሰጫት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ አድርሻት፣ ግፊቷ ይለካ አልኩሽ። “እሺ ጋሼ፣ እሺ” አልሽና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያንቺም የባለቤትሽ የባሺርም ስልክ አይሠራም። ያንቺን እሺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ነገ በባቡር ለሚመጣው ለነጋዴው ለዓብዱልመጂድ እሰጠዋለሁ፤ አንብበሽ መድኃኒቱ ያለበት ቁም ሳጥን ላይ ለጥፊው።

ለጉልበቷ የላክሁት ትልቁ ክብ ክኒን ሟሚ ነው። ሟሚ የሚባለው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከውሃው ጋር አንድ የሚሆን፣ ቢቆይም የማይዘቅጥ ነገር ነው፤ እንደ ስኳር፣ እንደ ጨው። ዱቄት ሟሚ አይደለም፤ ለጊዜው ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ኋላ ታች ይተኛል። ቅቤም በእሳት ይቀልጣል እንጂ ሟሚ አይባልም። አንድ ነገር ስለደቀቀ ብቻ ሟሚ አይሆንም! ትንሹ ሞላላ ክኒን የግፊት ነው፤ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ሲፈጩት የቀኑን ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ያዞራት እሱ እንዳይሆን ፈራሁ። መዋጥ ካቃታት ሐኪሙ ይለውጥላት፤ አንቺ አትፍጪው።

“አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፈተና ታደርገዋለህ” ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ፣ ወደብ ላይ የሰው ዕቃ ሰነድ ሳርም አንዲት ነጥብ ጎደለች ብዬ ሰው የምቆጣው እኔ። ለመንገደኛው ይቅለለው ብዬ ክኒኖቹን ከካርቶናቸው አውጥቼ በአንድ ፌስታል የጠቀለልኩትም እኔው ነኝ። የቱ እንደሚሟሟ፣ የቱ እንደማይፈጭ ካርቶኑ ላይ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነበር። ተርጉሜ መላክ ሲገባኝ ጣልኩት። አንቺ የምታነቢው ምንም አልተውኩልሽም፤ እና ተቆጣሁሽ።

ባሺርን ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽን ናዒማን “አጎትሽ በትምህርትሽ በርቺ ብሏል” በያት። እናታችንን ግንባሯን ሳሚልኝ። ከጤና ጣቢያ ስትመለሱ በጎረቤት ስልክም ቢሆን የግፊቷን ቁጥር ላኪልኝ። ሌላ ቃል አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ብቻ። ስልኩን ከእጄ አላወርድም።

ወንድምሽ ከይረዲን
ጅቡቲ፣ አርሂባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.