«አራዳ ለጌታ»፣ ሳይድ ቢ

ጥር 13
ከቸርች አንድ ካርቶን ካሴት ተሸክሜ ካዛንቺስ ድረስ... ክንዴ ተገነጠለ። ለቸርቹ ሠላሳኛ ዓመት በዓል «ሩቲ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪው» ተባልኩ። ማን ሊሰማው?
አንዱን ሽፋን አይቼ በሳቅ ሞትኩ። አምስት ወጣቶች መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ። ጥቁር መነጽር፣ የዞረ ኮፍያ፣ ሸሚዝ እስከ አንገት የተቆለፈ! ርዕሱ «አራዳ ለጌታ»። ወይ ጉድ!

ጥር 15
ሰማሁት። ራፕ ነው... ማለቴ፣ እነሱ እንዳሉት።
«ዲስኮውን ተዉና ኑ ወደ ቸርቹ፣
ሻይ በነፃ አለ፣ ዮ! እንዳትሰለቹ!»
ከዚያ ኳየሩ በአራት ድምፅ «ዮ...» ይላል። ልክ እንደ አሜን!
ኪቦርድ ለሚመታው ለዳግም ላክሁለት። «ቲክቶክ ላይ ልቀቂው፣ በቃ ሰው ያብዳል» አለ። ቅዳሜ እለቀዋለሁ።

ጥር 17
ካሴቱን ገለበጥኩት፣ ሳይድ ቢ። አንዲት ሴት አለች፣ ሳትተነፍስ ታወርደዋለች። ከነዚህ ፋራዎች ጋር ምን ትሠራለች?
እማዬ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል... አንድ ቃል አልሳተችም።
«እማ? አንቺ ነሽ?»
«ዝጊው፣ ሩቲ።»

ጥር 18
ዛሬ ነገረችኝ። የሰፈሩ ወጣት ፋራ ብሎ ሳቀባቸው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዓለማዊ ናችሁ ብለው ከአገልግሎት አገዷቸው። ከሁለት ያጣ ጎመን! አራቱ ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። እሷ «ምን አጠፋሁና?» አለች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት የኋላ ወንበር። ሲዘመር አፏን አትከፍትም። እኔ ድምፅ የላትም ብዬ...
«ማነው ያገደሽ?»
«ጋሽ ተከስተ።»
በዓሉን የሚመሩት! ደሜ ፈላ። ቲክቶኩንም ተውኩት። አፈርኩ።

ጥር 25
በዓሉ ዛሬ ነበር። ሽፋኑ ስክሪኑን ሞልቶ፣ ጋሽ ተከስተ ማይክ ይዘው፣ «ያኔ ወጣቱን ደግፈን ይህን ያወጣን እኛ ነን» አሉ። ደግፈን! ሰዉም አጨበጨበ።
ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ሳይድ ቢን ከፈትኩ። የእማዬ ተራ ሲደርስ... አጠፋሁት። ጭጭ። «ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ተከስተ።
ከኋላ ወንበር እማዬ ቀጠለችው። ያለ ማይክ፣ እስከ መጨረሻው። ያኔ ይቅርታ የጠየቁት አራቱ፣ ሁለቱ አሁን ራሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ከፊት ወንበር «ዮ...» አሉ። አሁንም ፋራ ነው። አለቀስኩ።
ስንወጣ ጋሽ ተከስተ በር ላይ የእማዬን እጅ ያዙ። «ተባረኪ እህቴ! ስምሽ ማን ነበር?»
«አምሳለ። ያገዱኝ።»
እጃቸውን ለቀቁ። እኔ ከኋላዋ፣ ቀስ ብዬ... ዮ።