ማይኩን የሚያጠፋ ሰው የጠፋ ዕለት

ለምወድህ የበኩር ልጄ፣

የእህትህ መርዶ የደረሰኝ ቀን ልብስ አሰጣ ነበር። ቀና ስል የላይኛዋ ጎረቤቴ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴና ባለሱቁ ጎን ለጎን ሆነው በበሩ ገቡ። ሦስቱ በቆሻሻ መጣያው ሰበብ ስንት ዘመን ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። አንድ ላይ ሳያቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። እነዚህን ሊያስታርቅ የሚችል ሞት ብቻ ነው ብዬ እዚያው እርጥቡ አንሶላ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕር ስይዝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ የተጠራቀመ ሰላምታ አለብኝ። እንደምን ሰነበትክ ልጄ? ወገብህን እንዴት አደረገህ? ሚስትህስ ደህና ናት? ጥርሷን ተነቀለች ወይስ አሁንም እየፈራች ነው? የልጅ ልጄስ ቁመቷ የት ደረሰ? እኔ እግሬን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ ማለቴ ነው፤ ሌላውን አትጠይቀኝ። እጄ እንደ ድሮው ስላልሆነ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። በኃጢአቷ ስለሞተች ስሟን በጸሎቴ አልጠራም፣ ያቺንም ፀጉር ሠሪ ልጅ ከቤትሽ አስወጪ ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው፣ አልተለወጠም። አልተቀየምኩህም። ብቻ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ሌላ ሰው ጨምሮ ከሚነግርህ እኔ ቀንሼ ብነግርህ ይሻላል።

እህትህና ፀጉር ሠሪዋ እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ እንደነበር አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሰፈሩም እንዳላወቀ ሆኖ ያውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ያቺ ከጀርባዋ ጡሩንባ የምንላት፣ መቼም ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ቢኖሩ ምን ክፋት አለው ትል ነበር፤ ይህንንም የምትለው ጭንቅላቷን ለዚያችው ፀጉር ሠሪ ሰጥታ ነው። ልጄ በሕይወት ሳለች ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ኖረ። ለቅሶው ላይ ግን ፀጉር ሠሪዋ ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት አለቀሰች። ያን ጊዜ የሰዉ ዓይን ተከፈተ፤ አፉም አብሮ ተከፈተ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። በመታሰቢያዋ እሑድ ፀጉር ሠሪዋ ከበር ውጭ ከቀረች የልጄ ስም ይጠራል፤ ከገባች አይጠራም። ውሳኔውን ይዛ የመጣችው ራሷ ጡሩንባ ናት። ፀጉር ሠሪዋ በዚያው ሳምንት የሠራችላት ፀጉር ገና ያብረቀርቃል። በእኔ በኩል ምንም የለም እትዬ፣ የሕግ ነገር ሆኖብን ነው ብላ፣ ንፋሱ እንዳይነካባት ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች።

ፀጉር ሠሪዋ ስትሰማ አልተቆጣችም። እማማ፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፣ እዚያ ቆሜ ስሟን ከሰማሁ ይበቃኛል አለችኝ። እርሷን በቃት፤ እኔን ግን አልበቃኝም።

ድምፅ ማጉያው አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነገር ነውና ላስረዳህ። ሽቦውን የዘረጋችው እህትህ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ አልነበረች እንዴ! ቄሱ አባታችን ደረታቸው ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ አለቻቸው። እንደምታውቃቸው ደግ ናቸው፣ ግን ዝንጉ ናቸው፤ ማይክ ማጥፋት እስከ ዛሬ አልሆነላቸውም። ስለዚህ እህትህ ሁልጊዜ ከኋላ ከማሽኑ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። እሳቸው ወደ ልብስ መለወጫው ክፍል ሲገቡ ትዘጋላቸው፣ ሲወጡ ትከፍትላቸው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ስታስነጥስ አመለጣትና አባታችን ጠባብ ጫማቸውን ሲራገሙ ምእመኑ ሁሉ አሜን አለ።

እሑድ ስብከቱ አልቆ ለመታሰቢያው ጸሎት ካባ ሊለውጡ ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ።

አባቴ፣ ልጄን ማን ነው ያጠመቃት? አልኳቸው።

እኔ ነኝ እንጂ፣ ካባዬ ላይ ሸንታብኝ የለም እንዴ አሉ።

ታዲያ ያን ጊዜ ስሟን ሲጠሩ ኮሚቴ አስፈቅደው ነበር?

ካባውን ከመስቀያው አወረዱ። አንቺ ሴት፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም አሉ። እኔም፣ የጻፈውን አውቀዋለሁ፣ የሚፈርደውም እሱ ነው፤ እኔ እርስዎን ይፍረዱልኝ አላልኩም፣ ስም ይጥሩልኝ ነው ያልኩት አልኳቸው።

ያን ጊዜ ልባቸው ተከፈተና፣ እኔኮ በየቀኑ እጠራታለሁ፣ ግን በሹክሹክታ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ያቺ ሴትዮ አፏ ጡሩንባ ነው፣ ኮሚቴውን ይዛብኝ ብትወጣ ከማን ጋር ልዘምር? አሉኝ።

እግዚአብሔር ሹክሹክታ ከሰማ እሰየው፣ የእኔ ጆሮ ግን ደከም ብሏል፣ ጮክ ብለው ይጥሩልኝ አልኳቸው። ደግሞም ያቺ በር ላይ የቆመች ልጅ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ራስ ሁሉ ታውቃለች፤ የማን ፀጉር የራሱ እንደሆነ፣ የማን ደግሞ ተገዝቶ እንደመጣ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የልጄን ዓይን የከደነችውም እርሷ ናት። እርሷ ውጭ ከቀረች እኔም ውጭ ነኝ፤ ሳለቅስ ደግሞ ድምፄን ያውቁታል፣ መዝሙራችሁን አስጥላችኋለሁ አልኳቸው።

አባታችን አለቀሱ። መሀረባቸውን አውጥተው ተናፈጡ። የመናፈጣቸው ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ጣሪያው ላይ አንባረቀ። ሁለታችንም ቀና አልን። ከዚያ ደረታቸውን አየሁት፤ ማይኳ ቀይ መብራቷን አብርታ ታየኛለች። የሚዘጋላቸው ሰው እንደሌለ ሁለታችንም ረስተን ነበር።

ስንወጣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። የሚያስል እንኳ የለም። የሴቶቹ እጅ ሁሉ ራሳቸው ላይ ነው። ጡሩንባ ከፊት መቀመጫዋ ብድግ ስትል፣ አለቀ፣ ኮሚቴውን ይዛ ወጣች አልኩ። እርሷ ግን በመሀል መተላለፊያው ቀጥ ብላ እስከ በሩ ሄደችና፣ ጡሩንባ ከተባልኩ አይቀር ልንፋው፣ ነይ ግቢ አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ ላይ ምን ይገትርሻል! ብላ ጮኸች። ለነፍሷ ብላ ይሁን ለፀጉሯ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ አልመረምርም። ፀጉር ሠሪዋ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ስለ ንፍጡ ደግሞ ሳቋ እያመለጣት፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሁሉም ደስ አላለውም፤ አልዋሽህም። ባለሱቁ ሚስቱን አስነሥቶ ወጣ፤ ከላይኛዋ ጎረቤቴም ጋር እንደገና ተኳርፈዋል። አባታችን ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና የልጄን የክርስትና ስም ጠሩ። ድምፁ እስከ መንገዱ ማዶ ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ አንጀቴን በላው። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ፣ የአባታችንን ገመና ለመሸፈን ቶሎ ብላ ትዘጋው ነበር። በሕይወቷ የሰው ገመና ስትሸፍን ኖረች፤ የእርሷን ስም የሚጠራላት ግን ማይኩ ሳይጠፋ ሲቀር ነው የተገኘው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው ልጄ። ፀጉር ሠሪዋ ከቤቴ አትወጣም፤ ይህን ስጽፍም እግሬን እያሸችልኝ ነው። ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ሚስትህንም ጥርስ መነቀል አያምም በላት ትላለች፣ ውሸቷን ነው። ለሚስትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ አማችህንም ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ በልልኝ፣ የልጅ ልጄን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስት እንደነበረቻትም ንገራት፤ ማስነጠስ የምትወድ፣ መሰላል ላይ ሆና የምታፏጭ አክስት።

ይህን ደብዳቤ ለቤትህ ሰው ጮክ ብለህ አንብብላቸው። የምታነቡም የምትሰሙም ሁሉ ስለ ልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። ስሟን እዚህ ላይ አልጻፍኩትም፤ ከእኔ ወረቀት ሳይሆን ከአንተ አፍ እንዲወጣ ነው። በሹክሹክታም ቢሆን ጥራት ልጄ። እግዚአብሔር ጆሮው እንደ እኔ አይደለም።

እናትህ፣
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።