ላይፈቱ መተሳሰር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ከሰዓት

የስምንተኛ «ሀ»ን የእንግሊዝኛ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ዓይኔ ቀልቷል። ሙኒር ደወለ። አዎ፣ እጮኛዬ። የሠርጉን ካርድ ጦር ኃይሎች ሰፈር ላለ ማተሚያ ቤት ሰጥቷል። ሳያማክረኝ! በእንግሊዝኛ አንድ መስመር አስጨምሯል፤ ከስልኩ ያገኘውን። ሕይወታችን «ኢንኤክስትሪከብሊ» ተሳስሯል ይላል። ትርጉሙን አያውቅም። ረቡዕ ቤት ስትመጪ ታስረጂናለሽ አለኝ። አስተማሪነቴ ትዝ የሚለው ሲፈልገኝ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ማታ

ከኮልፌ፣ ከእነሙኒር ቤት መመለሴ ነው። እናቱ፣ እህቶቹ፣ ሁሉም ባሉበት አስረጂ አለኝ። አስረዳሁ። «ሳይለያዩ» ማለት ብቻ አይደለም አልኳቸው። ሁለት ጓደኛሞች ስለሚዋደዱ አይለያዩም፤ ቢፈልጉ ግን ይችላሉ። ይሄኛው ቃል የተወሳሰበ ክር ነው። ልፍታህ ቢሉት አይፈታም። ድህነትና በሽታ እንዲህ ተሳስረዋል ይባላል። ለደግም ለክፉም ይሆናል፤ መውጫ ግን የለውም።

እናቱ እማማ ዘይነባ ቀበል አድርገው፣ «እንግዲያው ቁራኛ በሉታ!» አሉ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ሲታሰሩ የሚባለውን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙኒር አልሳቀም።

«እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው» አለ፣ እኔን እያየ።

ጠላሁት። ለደቂቃ ያህል፣ ከልቤ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ስድስት ሰዓት

ዳይሬክተሯ ቢሮ ጠራችኝ። እጮኛሽ ትናንት መጥቶ ነበር አለች። ከሠርጉ በኋላ ስለማታስተምር ሌላ ሰው ፈልጉ ብሏል። መቼ ነው የምትለቂው ትለኛለች! እኔ? ማን ለቀቀ? አልለቅም ብያት ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ደወልኩለት። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ። እኔ ጅል!

ያንቺን ጉዳይ እኔ ብናገር ምን አለበት፣ አንድ አይደለን ወይ አለ። ቀጠለና፣ «ቃሉን ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስረዳሽን?»

ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አምስተኛ ክ/ጊዜ አለኝ። እንዴት ነው የማስተምረው?

እሁድ፣ ጥቅምት 16፣ ጠዋት

ሠርጉ ይቅር ብዬ ለአባባ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ካርዱ ታትሞ፣ ዘመድ ሰምቶ፣ ሰው ምን ይለናል። ሙኒር ት/ቤት ድረስ ሄዶ ያደረገውን ስነግረው ግን ቁጣው በረደ።

«ሳትጠየቂ?» አለኝ።

ሳልጠየቅ።

«ኒካው ገና አልታሰረም። ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

እናቴ እያለቀሰች ነው፤ እኔ እንባዬ እንቢ አለ። ቀለበቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ጣቴን ቀለል ብሎታል።

መኪና ደጃችን ቆመ። ሙኒር ነው፤ በሩን እየደበደበ ስሜን ይጠራል። አባባ እኔ ልውጣ እያለ ነው። አይሆንም። ቀለበቱን ይዤ የምወጣው እኔው ራሴ ነኝ።